«ኮር አይ 7» የሚለው ስም ጌም አያጫውትም

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከደመወዜ እየቆጠብኩ 80 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። የጌም ኮምፒውተር ልገዛበት ነው። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሱቅ ስጠይቅ “ኮር አይ 7፣ 16 ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ መብራት ያለው የጌሚንግ ኬዝ” ብለው 75 ሺህ ብር ጠሩብኝ። ፎቶውን አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ “አርቲኤክስ 4070 ካልሆነ ባትገዛ ይሻልሃል” ይለኛል። ታላቅ እህቴ ለገና ከሜሪላንድ ትመጣለች፤ እስከ 300 ዶላር የሚሆን ዕቃ ላምጣልህ ብላኛለች። ምን ልበላት? የምጫወተው ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ነው። 1080ፒ፣ 60 ኸርዝ ሞኒተር አለኝ። ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እባክዎን ይምከሩኝ። ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የፈራሁት ብሩን ከፍለህ እንዳይሆን ነበር። ገና አለመክፈልህ ደስ ብሎኛል። ያንን ኮምፒውተር አትግዛው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምነግርህ ሌላ ሱቅ ስትገባም ራስህ እንድትለይ ነው።

የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ) አይ7-3770 ነው። ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው 3 ትውልዱን ነው የምትናገረው፤ ሦስተኛ ትውልድ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አንተ ያኔ አራተኛ ክፍል ገደማ ነበርክ። በዘመኑ ጎበዝ ፕሮሰሰር ነበር፤ አራት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች)፣ ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) አለው። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ3-12100ም አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ ነው። በቁጥር እኩል ናቸው። ሥራ ላይ ግን አይ3ቱ አይ7ቱን ጥሎት ይሄዳል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የአንዱ ኮር ፍጥነት በጣም አድጓልና። እኛ አገር «ኮር አይ 7» እንደ ማዕረግ ስለሚቆጠር ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። አንተ አንብበው። 8500 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው። 12100 ካለ አሥራ ሁለተኛ ነው። ቁጥሩን ሊያሳይህ የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመህ አመስግነህ ውጣ።

ሦስተኛ ትውልድ ሌላም ጣጣ አለው። ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) ዲዲአር3 የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። ነገ ማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ብትቀይር ያ ራም አብሮህ አይሄድም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ኢንቴል ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ 75 ሺህ ብር ከፍለህ የምትገዛው መንገዱ ያለቀበት ዕቃ ነው።

አሁን ወደ «4 ጊጋ ግራፊክስ» እንምጣ። በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። በፎቶው ላይ እንደሚታየው ግራፊክስ ካርዱ ጂቲ 730 ነው። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣም የጌም ካርድ አልነበረም፤ ስክሪን ለማብራትና ቪዲዮ ለማየት የተሠራ ነው። 4 ጊጋ ሜሞሪ አለው መባሉ እውነት ነው። ግን ሜሞሪ ጎተራ ነው። ጎተራህ ውስጥ አራት ኩንታል ጤፍ ስላለ እንጀራው ቶሎ አይደርስም፤ የሚያደርሰው ምጣዱ ነው። የጂቲ 730 ምጣድ አንዲት ትንሽ ምጣድ ናት። ለምሳሌ የኳሱ ጌም ኤፍሲ 24 ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይፈልጋል፤ በደንብ እንዲሄድ ደግሞ ጂቲኤክስ 1660 ይመክራል። ጂቲ 730 ከዝቅተኛውም በብዙ ያንሳል። ኳሱ ሲንቀረፈፍ፣ ተጫዋቹ ሲቆራረጥ ታየዋለህ። የኬዙ መብራት ግን ያምራል። 75 ሺህ ብር የተጠየቅኸው ለዚያ መብራት ነው ማለት ይቻላል።

ጓደኛህም ተሳስቷል፤ የሱ ስህተት በሌላ በኩል ነው። አርቲኤክስ 4070 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 599 ዶላር ነበር። ብቻውን እስከ 200 ዋት ይበላል። ጥሩ ካርድ ነው፤ ሥራው ግን ካንተ ሞኒተር ከፍ ላለ ጥራት ነው። የአንተ ስክሪን በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም። ካርዱ 180 ቢያመርት ትርፉን ዓይንህ አያየውም። ከዚያም አልፎ የምትጫወታቸው ጌሞች ያን ያህል አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 ያኔ የመከረው ካርድ 2 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 660 ነበር። ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ ከካርድ ይልቅ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚከብደው። እንግዲህ የሚያስፈልግህ ከኤፍሲ ምክር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካርድና ቢያንስ ስድስት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ነው። ለዚህ ገንዘብህ ይበቃል።

ሙሉ በሙሉ አዲስ እንድትገጣጥም ልመክርህ አስቤ ነበር። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ መጠነኛ ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ አዲስ ካርድ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቢሆን ሳላመነታ ይህንን እል ነበር። ሁለት ነገር አስተወኝ። አንደኛው ራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ንሯል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪውን እየጠራረጉ ወሰዱት። አዲስ ራም አሜሪካም ቢሆን የዛሬ ሁለት ዓመቱን ዋጋ አትጠብቅ። ሁለተኛው ብራችን ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እዚህ የሚሸጥ አዲስ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በ80 ሺህ ብር ሁሉን አዲስ አድርገህ ብትጀምር የሆነ ቦታ ላይ መቆንጠጥህ አይቀርም። ሰው ደግሞ የሚቆነጥጠው ሁልጊዜ ፓወር ሰፕላይ (ከግድግዳው ኃይል ተቀብሎ ለክፍሎቹ የሚያድለው ሣጥን) ላይ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። አዲስ አበባ ሄደህ ከቢሮ የወጣ፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዛ፤ ካርዱን እህትህ ታምጣልህ። ዴል ኦፕቲፕሌክስም ሆነ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። አይ5-8500 ስድስት ኮር አለው፤ ለአንተ ጌሞች በቂ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዛ ራሙ ውስጡ አለ። አሁን ባለው የራም ዋጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስትገዛ ግን ቆመህ አትግዛ፤ ተቀመጥና የጎን ክዳኑን አስከፍት። መጀመሪያ ቁመናውን እይ። ቀጭን፣ እንደ መጽሐፍ ጋደም የሚል ዓይነት ከሆነ ተወው፤ መደበኛ ካርድ አይገባበትም። ወፍራሙን፣ ታወር የሚባለውን ነው የምትፈልገው። ውስጡ ረጅሙ የካርድ መሰኪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከመሰኪያው እስከ ፊት ለፊቱ ብረት ድረስ ስንት ሴንቲሜትር እንዳለ ለካ፤ ያንን ቁጥር ለእህትህ ትልክላታለህ። ራሙ 16 ጊጋ ከሆነ ሁለት ባለ 8 ፍሬ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ፍሬ ሲሆን ሜሞሪው በሁለት መስመር ስለሚሠራ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። አንድ ባለ 8 ብቻ ካለው ሌላ እንዲጨምሩልህ ተደራደር። ከዚያ ኮምፒውተሩን አስነሣና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግባ። የይለፍ ቃል ከጠየቀህና ሻጩ ካላወቀው አትግዛው። የቢሮ ኮምፒውተሮች አንዳንዴ ተቆልፈው ነው የሚሸጡት፤ ቫሎራንትን የመሰለ ጌም ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም የሚባሉት የደኅንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይከፈትም። ባዮስ ካልተከፈተ እነሱን ማብራት አትችልም።

ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው የፋይል ማስቀመጫ) የሌለው ከሆነ ከሌላው ወጪ ቀንሰህ ግዛ። ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፤ ጂቲኤም ከሱ ብዙ አይተናነስም። 500 ጊጋ ቢሆን ለሦስቱም ጌሞችህ ይበቃል። በጣም ፈጣን ተብሎ የሚሸጠውና መደበኛው ኤስኤስዲ ጌም ላይ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። ለፍጥነቱ ብለህ አትጨምር።

አሁን ካርዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳውን ነገር ልንገርህ። እኛ ዘንድ ዋት ራሱ ዋጋ ነው። ብዙ ዋት የሚበላ ካርድ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል፣ ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይፈልጋል፣ የአዳማ ሙቀት ላይ ተጨማሪ ሙቀት ይጨምራል። የቢሮ ታወሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የላቸውም። ብዙዎቹ ደግሞ ማዘርቦርዳቸው መደበኛውን ባለ 24 እግር ሶኬት ስለማይጠቀም ከሱቅ የገዛኸው ፓወር ሰፕላይ ያለ ማገናኛ ገመድ አይሰካባቸውም።

ይህንን ሁሉ ጣጣ የሚያልፍልህ አርቲኤክስ 3050 የ6 ጊጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሲሆን 70 ዋት ብቻ ይበላል። ኃይሉን የሚወስደው ከማዘርቦርዱ ስለሆነ ሌላ ገመድ አይፈልግም። ሰክተህ ማብራት ብቻ ነው። አቅሙ ከጂቲኤክስ 1660 ጎራ ስለሆነ ለኤፍሲ በቂ ነው። ሲወጣ ዋጋው ከ200 ዶላር በታች ነበር። ያው ስም ያለው የ8 ጊጋ ካርድም አለ፤ እሱ 130 ዋት ስለሚበላ ገመድ ይጠይቃል። እህትህ እንዳትሳሳት «6 ጊጋ፣ የኃይል ሶኬት የሌለው» ብለህ ጻፍላት።

ከሱ ባንድ ደረጃ የሚበልጥ ካርድ ከፈለግህ አርኤክስ 6600 አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በ329 ዶላር ወጥቶ በኋላ አዲሱ 200 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ነበር። 132 ዋት ይበላል፤ በጌም ከ3050ው በግልጽ ይበልጣል። ግን ፓወር ሰፕላይና ማገናኛ ገመድ አብሮ መምጣት አለበት፤ 300 ዶላሯን ሊያሟጥጣት ነው። ለ60 ኸርዝ ስክሪን ይህንን ሁሉ መንገድ መሄድ አያስፈልግህም ባይ ነኝ። ሞኒተር የምትቀይር ቢሆን ኖሮ ሌላ እል ነበር።

እዚህ ያገለገለ ካርድ ብገዛስ እንደምትል እገምታለሁ። ይቻላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ቀይሮ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰዋል። አርኤክስ 580 የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ሐሰተኛው ነው። እኔ ራሴ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ ውስጡ ብዙ ዓመት የቆየ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሶፍትዌሩን ነካክተው ዊንዶውስ ሳይቀር አዲሱን ስም እንዲያሳይ አድርገውታል። ሻጩ ብሩን አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ሳልይዝ ካርድ ልገዛ ሄጄ አላውቅም። ሐሰተኛ ካርድ ሲገጥማት ለይታ ትናገራለች። አንተም ያዛት፤ ከዚያም ጌም አስከፍተህ ሃያ ደቂቃ ሳታየው አትክፈል። እህትህ ካለችልህ ግን አዲስ ካርድ ከነደረሰኙ ብታመጣልህ ልብህ ያርፋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፈኸዋል፤ ለኔ ግን የደብዳቤህ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት ስሙ የማይታወቅ፣ «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ማዘርቦርዱንና የስድስት ዓመት ፎቶዎቼ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ይዞ ሄደ። ያን ቀን የቆጠብኩት ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ የታወሩን የራሱን ፓወር ሰፕላይ በርካሽ «የጌሚንግ» ፓወር ሰፕላይ አትቀይረው። ዴልና ኤችፒ የሚገጥሙት ዋቱ ትንሽ ቢሆንም የተጻፈውን በእውነት ይሰጣል። የርካሾቹን ውሸት ለማወቅ ጎናቸው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ። +12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፒር እንዳለ እይና በ12 አባዛው። 18 አምፒር ካለ 216 ዋት ነው። ላዩ ላይ 500 ቢጻፍም ኮምፒውተሩ ለጌም የሚጠቀምበት ያንን 216 ነው።

አንድ ቀን ከአሜሪካ ፓወር ሰፕላይ የምታስመጣ ከሆነ ደግሞ መግቢያው 100–240 ቮልት የሚል መሆኑን አስረግጠህ ጠይቅ። እዚያ የሚሸጡ አንዳንድ ርካሾች በ115 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ከኋላ ቀይ ማብሪያ መሳይ ነገር አላቸው፤ 115 ላይ እንዳለ የኛ 220 ውስጥ ከሰካኸው ወዲያው ይቃጠላል። የግራፊክስ ካርድ ግን ይህ አይመለከተውም፤ ግድግዳ ላይ አይሰካምና።

ከ80 ሺህህ ላይ የዩፒኤስ ዋጋ ዛሬውኑ ቀንሰህ ለብቻው አስቀምጥ። አይ5-8500 እና አርቲኤክስ 3050 የ6 ጊጋው ከነሞኒተሩ ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ቢበሉ ነው። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ይሸከማል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም፣ ሻጭ ሲያምታታቸው እንዳትቀበል። ዩፒኤሱ ጌሙን እንድትጨርስ አይደለም፤ ሴቭ አድርገህ በሰላም የምታጠፋበትን ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። ከዚያ ከግድግዳው ንቀለው። መብራት ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፤ አምስት ደቂቃ ታገሥ። ጉዳት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ፍሪጅ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተርህን አትሰካ።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ቤት እንደገባ አቧራውን አራግፍ፤ የፕሮሰሰሩን ተርማል ፔስትም (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) ቀይርለት። ዓመታት ቢሮ ውስጥ የቆየ ፔስት ደርቋል። ወለል ላይ አታስቀምጠው። ካርዱ ከተሰካ በኋላ የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰካ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይሁን። ይህንን ረስተው «ካርዱ አይሠራም» ብለው የሚጽፉልኝ ብዙ ናቸው።

ለእህትህ የምትልከውን መልእክት ጽፌልሃለሁ፤ ለካርዱ ያለውን ቦታ ለክተህ ባዶውን ከሞላህ በኋላ እንዳለ ላክላት፦ «እትዬ፣ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምፈልገው። አርቲኤክስ 3050፣ 6 ጊጋ፣ የኃይል ሶኬት የሌለው፣ ርዝመቱ ከ____ ሴንቲሜትር የማይበልጥ። አዲስ ይሁን፣ ደረሰኙን ያዢልኝ። ሻንጣ ውስጥ አታድርጊው፤ እጅሽ ላይ በምትይዢው ቦርሳ ይሁን። የተረፈውን ዶላር ለራስሽ ያዢው።»

እሷ ከመግዛቷ በፊት ታወሩን መርጠህ ጨርስ። ሱቁ ውስጥ ሳለህ የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ የፓወር ሰፕላዩን ሠንጠረዥና የካርድ መሰኪያውን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። አይቼ እስክመልስልህ ድረስ ቀብድም አትስጥ።